ቁልፉ እኔ ጋ የቀረበት ኮንሰርት

ስልኬ ደረቴ ላይ ሲንቀጠቀጥ ነጯ ሴትዮ ረጅሙን ቀንድ መንፋት ገና መጀመሯ ነበር። ካሜራው እየቀረጸ ስለሆነ ማንም እንዳያስል፣ ማንም ወንበር እንዳያንቀሳቅስ ተነግሮናል። ስልኩን ከሹራቤ ሥር ቀስ ብዬ አወጣሁና ብርሃኑን በመዳፌ ከልዬ አነበብኩት። ከባለቤቴ ነው። «እየመጡ ነው። ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። እንዳትደውይ» ይላል። እጄን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ቁልፉ አለ፤ ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ ማቴዎስ አሌክሳንድራ የሚባለው ሰፈር ባለው ሱቃችን ውስጥ ነው፤ ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፌበት የወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ ያለሁት ከሳንድተን ወዲያ፣ የነጮች ሰፈር ውስጥ ባለ የቤተክርስቲያን አዳራሽ ነው። ልጄ ፊት ለፊቴ ትራምፔቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተራዋን ትጠብቃለች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ድምፅ የዚያ ቀንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከሩቅ ተራራ እንደሚመጣ ዓይነት፣ ረጅም፣ የማያልቅ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሲፖ ነው። ባለፈው ሳምንት ከተማ ወርጄ ዕቃ ገዝቼ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጆንያዬን እግሬ ሥር አድርጌ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ «ማማ፣ ሬሳው እንዴት ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሲፖ ነው፤ የያኔው የልጄ ትምህርት ቤት ሾፌር። ጢሙ ሸብቷል፣ ያቺን ቡናማ የሱፍ ቆብ ግን እስከ ዛሬ አልጣላትም። «ሬሳው ደህና ነው፤ ወፍሯል፣ አሁን ደግሞ ስኳር አለብህ ተብሏል» አልኩት። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩን። አንዲት ሴትዮ እንደውም ሁለት ሰው አስቀድማ ራቅ ብላ ቆመች። እኔና ሲፖ እስኪያመን ሳቅን። እቤት ስገባ ግን ሳቁ አለቀና ቁልፌን ኪሴ ውስጥ ደጋግሜ እዳስስ ጀመር። ይኸው ስንት ዓመት አልፎ እንኳ እጄ አልረሳውም።

ነገሩ የሆነው ክረምት ላይ ነበር። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው። ሣሩ ይደርቃል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ማታ ማታ ሰማዩ በከሰልና ፓራፊን በሚሉት የላምባ ጢስ ይጠቁራል። ዓለምን የዘጋው በሽታ ከገባ ከርሟል። መጀመሪያ ላይ ሲጋራ በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ አንዷ ፍሬ ሲጋራ የአንድ ሙሉ ዳቦ ዋጋ ስታወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ዝንጅብል እንደ ወርቅ ነበር። ነጭ ሽንኩርት የሚሉት ሁሉ፣ ሎሚ የሚሉት ሁሉ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት አይገኝም። የእጅ ማጽጃው ሽታ ዳቦው ላይ ሳይቀር ይሸታል። አከራያችን ጎጎ ታንዲ ከአሮጌ ቀሚሷ፣ ከዚያ ሰማያዊ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካለበት ጨርቅ፣ ማስክ እየሰፋች ለሰፈሩ ትሸጥ ነበር። ለእኔና ለልጄ ለቃልኪዳን በነጻ ሰጠችን፤ ለማቴዎስ ግን «ያንተ አፍንጫ ጨርቅ ይፈጃል» ብላ አስከፈለችው። ጎጎ ማለት እነሱ ጋ አያት ማለት ነው። ሱቃችን ከእሷ ግቢ ተቀንሳ ወደ መንገድ የዞረች አንዲት የብሎኬት ክፍል ነበረች፤ ኪራዩም ለእሷ ነው። አሁን በዚያ ሳልፍ ክፍሏ ፀጉር ቤት ሆናለች። ደጃፉ ላይ ያለው ዝገት ግን ያው ነው።

ሰው ከውጭ ተቆልፎበት ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። እኛ ባለሱቆች ሁላችንም እንዲህ ነበርን። ሱቅ ባዶውን ከታደረ በጣሪያ ይገቡበታል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ውስጥ መቅረት አለበት። ውስጥ ሰው እንዳለ ከታወቀ ደግሞ እሑድም ቢሆን፣ በተከለከለ ሰዓትም ቢሆን ያንኳኳሉ፤ «ማይ ፍሬንድ፣ አንድ ሻማ ብቻ፣ ራሴን አሞኛል፣ አንድ ፓናዶ ብቻ» ይላሉ፤ ስትከፍት አንዱ ሽጉጥ ይዞ ይገባል። በዚያ ሰፈር የሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ማይ ፍሬንድ። ስለዚህ አንዱ ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ከውጭ ትልቅ ጓጉንቸር አንጠልጥሎ ይሄዳል። ያየ ሁሉ «ቤተክርስቲያን ሄደዋል» ብሎ ያልፋል። የብረቱን በር ያሠራነው ወፍራም አድርገን ነው፤ ጓጉንቸሩም በብረት ሳጥን የተሸፈነ፣ መጋዝ የማያገኘው። ሁለተኛው ቁልፉ የገዛነው ሰሞን ነው የጠፋው። አዲስ እንገዛለን፣ እንገዛለን ስንል ከረመ።

ኮንሰርቱ የመጣው ቀንዱን በምትነፋው ነጭ ሴትዮ፣ በኡርሱላ ነው። ኡርሱላ የስዊዘርላንድ ሰው ናት፤ የቃልኪዳን ትምህርት ቤት ትራምፔት ለማስተማር ለጥቂት ጊዜ ብላ መጥታ በረራው ሲዘጋ እዚሁ ቀረች። አገሯ ውስጥ እረኞች ተራራ ላይ ሆነው የሚነፉት አልፕሆርን የሚባል የእንጨት ቀንድ አላት። ርዝመቱ ከሰው ይበልጣል፣ አፉ መሬት ላይ ይተኛል። ቃልኪዳን መጀመሪያ በስልኳ ቀርጻ ያመጣችልን ቀን ማቴዎስ የዳቦ ሳጥን እንደተሸከመ ቆሞ ቀረ።

«ይሄ እኮ ዲንካ ነው» አለ። «ማን ሰጣቸው?»

«አባ፣ የራሳቸው ነው። ላም ለመጥራት ነው የሚነፉት።»

«እኛ ለላም አንነፋም። ለትልቅ ሰው ነው የሚነፋው።»

እኛ የዳውሮ ሰዎች ነን። ዲንካ የአገራችን ነው፤ ከቀርከሃና ከቀንድ የሚሠራ ረጅም መሣሪያ፣ ትልቅ ሰው ሲሞት የሚነፋ፣ ለደስታም የሚነፋ። የማቴዎስ አያት ነፊ ነበሩ። አንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ሲደርስ ያንኑ አንዱን ያስገባል፤ ለብቻህ ብትነፋ ምንም አይደለም፣ ሁሉም በየተራው ሲገባ ነው ዜማ የሚሆነው። ማቴዎስ ይህን ለልጁ በሣጥን ላይ እየመታ አስተማራት። እሷ ለኡርሱላ ነገረቻት። ኡርሱላም ወደደችውና የአገሯን የተራራ ዜማ፣ የእኛን ተራ መጠበቅ፣ የልጆቹን ጃዝ አንድ ላይ አደረገችው። እኔ ስለ ጃዝ የማውቀው ከታክሲ ራዲዮ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩትም እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ግን ሳክስፎኑ በዚያ ቀንድ ላይ ሲጠመዘዝ የያዝኩትን አስቀምጬ ነው የምሰማው።

እቤት መለማመጃ ደግሞ ማቴዎስ ከውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ አንድ ቀንድ ሠራላት። ጫፉን በእሳት አለስልሶ በድስት ገፍቶ አሰፋው። ለመሸከም እንዲመች ሦስት ቦታ ይለያያል። ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ስትነፋው ጎጎ ታንዲ በመስኮቷ ብቅ ትልና «ማይ ፍሬንድ፣ ያቺ ላም መቼ ነው የምትወልደው?» ትላለች። ሰፈሩ በሙሉ ይስቃል።

የኮንሰርቱ ቀን እሑድ ነበር። ተመልካች አይገባም፤ ሕጉ አይፈቅድም። በካሜራ ተቀርጾ ሰው እቤቱ ሆኖ በስልክ ያየዋል። ለልጆቹ ብቻ አንድ አንድ ወላጅ ተፈቀደ። ማቴዎስ እኔ ልሂድ አላለም። ኮቱን ተኩሶ ለበሰ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

«ውስጥ ተቆልፈህ ለምትውለው ነው ኮት የምትለብሰው?» አልኩት።

«ልጄ በቴሌቪዥን ትወጣለች።»

«በስልክ ነው እንጂ ምን ቴሌቪዥን።»

«እሱም መስታወት አለው» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ እኔ ወጣሁ፣ በሩን ሳብኩ፣ ጓጉንቸሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። እንደ ሁልጊዜው። የፕላስቲኩን ቀንድ ሲፖ አስቀድሞ የትምህርት ቤቱ ሚኒባስ፣ ኮምቢዋ ላይ ጭኖታል፤ ምናልባት አንዱ መሣሪያ ቢበላሽ ብላ ኡርሱላ አምጡት ብላ ነበር። ቃልኪዳን ሦስቱን ቧንቧ አንድ ላይ አስራ፣ እንዳይጫር በግራጫ ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ከላዩ ላይ በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍናዋለች።

ያን ሰሞን አገሩ ተረብሾ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ታሰረ፣ ሰዉ ተነሣ ተባለ። ፖለቲካውን ለሚያውቁት እተወዋለሁ። እኛ ያወቅነው ደርባን ሱቅ ተቃጠለ ሲባል ነው፣ ከዚያ ካትሌሆንግ የሚባለው ሰፈር ያሉ የአገር ልጆች ሲደውሉ። ሰፈራችን አሌክስ ግን ጠዋት ስንወጣ ሰላም ነበር። ልጆች በላስቲክ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ሴቶች ልብስ ያሰጡ ነበር።

እንግዲህ አዳራሹ ውስጥ ነኝ። መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት። «እንዳትደውይ» ያለው ስልኩ እንዳይጮህ ነው፤ እነሱ በሩ ጋ ደርሰው ይሆናል። ተነሥቼ እንዳልሄድ የካሜራው ቀይ መብራት በርቷል። እንዳልቀመጥ ባሌ ነው። ሌባ እንዳይገባ ያሠራነው በር አሁን ማቴዎስን የሚያስቀር ሆነ። እሳት ቢለኩሱበትስ? ይህን ሳስብ እግሬ ራሱ ተነሣ። ወንበሩ ጮኸ። ኡርሱላ ዓይኗን ከፈተች፣ መንፋቷን ግን አላቆመችም። ቃልኪዳን አየችኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት፤ ምንም የለም ለማለት ነበር፣ ግን እናት ስትዋሽ ልጅ ታውቃለች።

ኮሪደሩ ላይ ለጎጎ ታንዲ ደወልኩ። ከኋላዋ ፉጨትና የሚሰበር መስታወት ይሰማል።

«እንዳትመጪ» አለችኝ። «ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ አልቋል። ፍሪጁን ሳይቀር በጋሪ ወሰዱት። እኔ ደጃፍሽ ላይ ሣጥን አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ ሰው የለም፣ ጓጉንቸሩን አታዩም ወይ እያልኳቸው ነው።»

«ጎጎ፣ እሱ ውስጥ ነው።»

«ቁልፉ የት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ጋ።»

«እንግዲያው ነይ፣ ምንታናሚ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። «ቶሎ ነይ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ብዙ አልቆይላቸውም።»

ሲፖ ደጅ ኮምቢዋ ውስጥ ብርቱካን እየላጠ ነበር። ነገርኩት። «ማማ፣ ዛሬ አሌክስ አልገባም። መኪናዋ የእኔ አይደለችም። ጎማ እያቃጠሉ ነው» አለኝ። ቁልፉን አውጥቼ አሳየሁት። ፊቱ ላይ ያዝኩለት። ቁልፉን አየ፣ እኔን አየ፣ ብርቱካኑን በመስኮት ወረወረና «ግቢ» አለኝ።

በሩን ልዘጋ ስል ቃልኪዳን ትራምፔቷን እንደያዘች ሮጣ መጣች። ማስኳ አገጯ ላይ ወርዷል።

«ተመለሺ» አልኳት። «ተራሽ ነው።»

«እማ ፕሊስ። አባ ነው አይደል?»

«አንቺ እዚህ ሁኚ። ከኡርሱላ ጋር ደህና ነሽ።»

«እኔ ብቀር አንቺ ብትሞቺስ?» አለችና ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። ጎትቼ ላወርዳት ጊዜ አልነበረም። እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው፣ ያን ቀን ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው፤ አንዱን ላወጣ ሌላዋን ይዤ መግባቴ።

መንገዱ ባዶ ነበር፤ ታክሲ የለም፣ የእሑድ ሰው የለም። ድልድዩን እንዳለፍን ጢሱ መጣ፤ ያ የጎማ ጢስ፣ ምላስ ላይ የሚቀመጠው። ትንሽ ሄድ እንዳልን ድንጋይ ደርድረው፣ ጎማ አቃጥለው መንገዱን የዘጉ ወጣቶች አገኘን። ዱላ የያዘም አለ፣ አዲስ ጫማ ከነካርቶኑ ያቀፈም አለ። ሲፖ ቆመ። እኔ በዚያ ሰዓት ወለሉ ላይ፣ ሳይወርድ የቀረው የተጠቀለለ ቀንድ አጠገብ ነበርኩ። ማቴዎስ በእጁ የሠራው ነው። ቧንቧውን ሲያለሰልስ አውራ ጣቱን ተቃጥሎ እንደ ልጅ ሲነፋበት ትዝ አለኝ። ምን ልበላችሁ፣ ብርድ ልብሱን አቅፌ አለቀስኩ። በአገራችን አለቃቀስ፣ ስሙን እየጠራሁ፣ አባቱን እየጠራሁ፣ ኮቱን እየጠራሁ። በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ አይለቀስም፤ ሟርት ነው። አውቃለሁ። ግን አፌን መዝጋት አልቻልኩም።

አንዱ ወጣት የኋላውን በር ከፈተ። እኔን አየ። በጥቁር ፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ የተኛ ሰው የሚመስል ነገር አየ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ።

ሲፖ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው «ኮሮና» አለ።

በሩ ከመዘጋቱ ጓደኞቹ ድንጋዩን ገፍተው መንገድ ሰጡን። አንደኛው ቆቡን አወለቀ። ሌላው ጓደኛው ደግሞ ማስክ ስላልነበረው ሹራቡን ስቦ አፍንጫው ላይ አደረገ። ሲፖ ጥቂት እንደነዳ «ማማ፣ ዋሽቼ አይደለም፤ ምንድነው አሉኝ፣ ዘመኑን ነገርኳቸው» አለ። ማንም አልሳቀም።

የእኛ መንገድ ጫፍ ላይ አቆመ። ቃልኪዳንን ከእሱ ጋር ትቻት ወረድኩ። ጠዋት ልብስ ያሰጡ ሴቶች ዱቄት ተሸክመው ይሄዳሉ፤ የምግብ ዘይት መሬቱ ላይ ፈስሶ ሰው ይንሸራተታል። ከአንዱ ቤት ያ ከበሮው ዝግ ያለ የወጣቶች ዘፈን እስከ መጨረሻው ተለቅቋል። ጎጎ ታንዲ እንዳለችው በሩ ላይ ሣጥን አድርጋ ተቀምጣለች፤ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ዱላዋን ጭኗ ላይ አጋድማ። ዙሪያዋን ከበዋታል። ፊት ለፊት የቆመው ቀይ ሹራብ የለበሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ዳቦና አቻር የሚሉትን የማንጎ ማባያ የሚገዛኝ፣ ስሙን እንኳ አላውቀውም።

«ማማ ማይ ፍሬንድ መጣች» አለ። «ክፈቺ። ካልከፈትሽ በመኪና ነው የምንጎትተው።»

ጎጎ ዱላዋን አነሣች። «በሩ የእኔ ነው። ግድግዳውም የእኔ ነው። ብትጎትቱት ጣሪያው ይወርድብኛል፣ ማነው የሚሠራልኝ? እናትህ ናት? ትከፍትላችኋለች። መጀመሪያ ግን ሰውየው ይወጣል።»

«የቱ ሰውዬ?» አለ። «ከውጭ ነው የተቆለፈው።»

«አዎ» አለች ጎጎ። «እነሱ እንዲህ ናቸው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ያ ከጩኸቱ ይበልጥ አስፈራኝ፤ ምክንያቱም ሰው ውስጥ እንዳለ አሁን ሁሉም አወቀ። ከኋላ አንዱ «አቃጥሉት» አለ። የማን ድምፅ እንደሆነ አላየሁም። እኔ ቁልፉን አውጥቼ ጓጉንቸሩ ላይ አደረግኩት፤ አልገባም። እጄ ነው እንጂ ቁልፉ ደህና ነበር። ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም አልገባም። ትንፋሻቸው ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። ባለ ቀይ ሹራቡ ቁልፉን ከእጄ ነጠቀኝ። አለቀልን አልኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ከፈተውና ጓጉንቸሩን አወለቀ። «ማይ ፍሬንድ፣ ራስህን ለምንድነው የምታስረው? ፖሊስ እኮ አለልህ» አለ። ሳቁ። ያ ሳቅ አዳነን፤ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው። የሚስቅ ሰው ለጊዜውም ቢሆን አይለኩስም።

ማቴዎስ በተተኮሰ ኮቱ፣ እስከ አንገቱ በተቆለፈ ሸሚዙ ወጣ። በእጁ ስልኩ ብቻ ነው። ፊቱ ላይ የዱቄት አቧራ አለ፤ ከዱቄቱ ጆንያ ኋላ ተደብቆ ነበር። ማንንም አላየም። ጎጎ ታንዲን «ሲያቦንጋ» አላት፤ እናመሰግናለን ማለት ነው። እሷ «ሂድ፣ ሂድ» አለችው። ሁለት እርምጃ እንደሄድን ከኋላችን የመደርደሪያው ድምፅ ተሰማ። ስንት ዓመት የለፋንበት ነበር። እኔ ዞር አላልኩም። እሱም አላለም።

ኮምቢዋ ጋ ስንደርስ ሲፖ ማቴዎስን ከላይ እስከ ታች አየው። «መውጫው በዚያው ነው» አለ። «እነዚያ ልጆች ሬሳ ሲገባ እንጂ ባለሱቅ ሲወጣ አላዩም። ተኛ።»

ማቴዎስ አልገባውም። ቃልኪዳን ቧንቧዎቹን ከብርድ ልብሱ አወጣችና «አባ፣ ተኛ ብሎሃል» አለችው። ከነኮቱ ወለሉ ላይ ተጋደመ። ብርድ ልብሱን አለበስነው፣ ጥቁሩን ፕላስቲክ ደግሞ ከላይ። እኔ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ያው ልጅ መጣ። አሁን በሩን አልከፈተም፤ በመስኮቱ ነው የሚያየው። «አሁንም ከነሬሳው?» አለ። ሲፖ «መቃብሩ ተዘግቷል፣ ሌላ ቦታ ልንሞክር ነው» አለ። ልጁ እኔን አየኝ። ማልቀስ ነበረብኝ። አንድ እንባ እንኳ አልመጣልኝ አለ። ባሌ ጉልበቴ ሥር ይተነፍሳል፤ ፕላስቲኩ ከፍ ዝቅ እንዳይል በመዳፌ ደረቱን ተጫንኩት። ልቡ እጄን ይመታዋል። ስሙን ጠርቼ ላልቅስ ስል በቅድሙ ሟርት ላይ ሌላ ሟርት ልጨምር ነው ብዬ አፌን ያዝኩ። ልጁ ግንባሩን ወደ መስታወቱ አስጠጋ።

ያን ጊዜ ቃልኪዳን ትራምፔቷን አነሣች። አዳራሹ ውስጥ ተራዋ ሳይደርስ ጥላው የመጣችውን ነፋች። የኡርሱላን የተራራ ዜማ ጀመረች፤ ዝግ አድርጋ፣ አንዱን ድምፅ ታስገባና ታቆማለች፣ ሌላ ነፊ እንዳለ ሁሉ ተራውን ትጠብቅለታለች፣ እንደገና ታስገባለች። አባቷ በሣጥን ላይ እንዳስተማራት። መሐል ላይ ደግሞ ያን የጃዙን ጠመዝማዛ አስገባችበት። እነዚህ ሰፈሮች ቀብርን በነሐስ መሣሪያ ይሸኛሉ፤ ድምፁን ያውቁታል። ልጁ ከመስታወቱ ራቀ። ጎማው አጠገብ የነበሩትም ወደ ድንጋዩ ሄዱ። ድንጋዩ ተነሣ። ሲፖ ቀስ ብሎ፣ የቀብር መኪና በሚነዳበት አነዳድ፣ አለፈ። ቃልኪዳን ድልድዩን እስክንሻገር አላቆመችም። እኔ እጄን ከማቴዎስ ደረት ላይ አላነሣሁም።

ከድልድዩ ወዲያ ብርድ ልብሱን ገለጥኩለት። እያለቀሰ ነበር። «አዳራሹ ውስጥ ሲነፋ ድምፁን ዘግቼው ነበር» አለ። «በሩ ጋ ስለነበሩ። አየሁ እንጂ አልሰማሁም። አሁን ሰማሁት።» ቃልኪዳን «አባ፣ ሼም፣ ከንፈሬ ደርቆ አበላሽቼዋለሁ እኮ» አለችው። እሱም «አላበላሸሽም። ተራሽን ጠብቀሻል» አላት።

መሐል ከተማ፣ ሂልብሮው የደረስነው የሰዓት እላፊው ሳይገባ ነው። የማቴዎስ የአጎት ልጅ ከሌሎች ሰዎች ጋር የሚጋራው አንድ ክፍል ነበረው፤ ሊፍቱ ከሞተ ቆይቷል፣ ደረጃውን በእግራችን ወጣን፤ ማቴዎስ በኮቱ፣ ቃልኪዳን በትራምፔቷ፣ እኔ ሦስቱን ቧንቧ ተሸክሜ። ሲፖ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ። ገባን። በሩ አጠገብ የነበረው ሰው አልጋውን ለቀቀልን። ቁጭ ብዬ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ ዘይት ሆኖ ነበር፤ የሰፈራችን የምግብ ዘይት።

ስልኬ ጮኸ። ጎጎ ታንዲ ናት። ከኋላዋ ጸጥ ብሏል።

«ደረሳችሁ?» አለችኝ።

«ደርሰናል ጎጎ» አልኳት። «ሦስታችንም ገብተናል። በሩም የተቆለፈው ከውስጥ ነው። ደህና ነን።»